ከቃሬዛ እስከ ፎር ዊል፦ ተራ የያዘ ደግነት ታሪክ

ለአምቡላንስ የሚመች መንገድ በየካ ክፍለ ከተማ ቶሎ ያልቃል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ለሚወጣ ሰው አስፋልቱ በኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ በጠጠር፣ ጠጠሩም በባሕር ዛፍ መካከል በሚያልፍ ቀይ አፈር ይተካል። ሰኔ ግም ሲል ያ ቀይ አፈር ጎማ የሚያዳልጥ ጭቃ ይሆናል። በዚሁ ዳገት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱበታል፤ ሯጮች ማለዳ ይለማመዱበታል፤ ምእመናን ወደ ዋሻ ሚካኤልና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይወጡበታል፤ በላዩ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ቀን ከሌት ይመላለሱበታል። ከእነዚህ አንዱ ወድቆ ቢሰበር፣ አንዲቷም በሌሊት ምጥ ቢይዛት፣ አምቡላንሱ ከታች አስፋልት ላይ ይቆማል፤ ታማሚውም ከላይ ይጠብቃል። በተራራው ግርጌ ባሉ ግቢዎች ግን ይህን ዳገት ያለችግር የሚወጡ ላንድክሩዘሮችና ፎር ዊል ፒክአፖች ቆመው ያድራሉ። የሚጠይቃቸው ቢገኝ ባለቤቶቻቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ችግሩ የሚጠይቃቸው አካል፣ የሚጠየቁበት ደንብና ወጪውን የሚካፈላቸው ወገን አለመኖሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ በሀገራችን ታማሚን የማድረስ በጎ ፈቃድ ጠፍቶ አያውቅም፤ በጎ ፈቃዱ ጸንቶ የቆየው ግን የታወቀ ጥሪ፣ የታወቀ ተራና የታወቀ ወጪ ሸፋኝ ባገኘበት ቦታ ነው።

የዚህ ዓይነቱ የተደራጀ በጎ ፈቃድ መነሻ ቃሬዛ ነው። ሁለት ጠንካራ አጣናዎች በጠፍር ወይም በገመድ ይጠላለፋሉ፤ በላያቸው ቁርበት ወይም ጋቢ ይነጠፋል፤ ታማሚው ይጋደምበትና አራት ሰዎች በትከሻቸው ያነሡታል። አራቱ ብቻቸውን ሩቅ አያደርሱም። ከኋላቸው ሌሎች ጎረቤቶች ይከተላሉ፤ ተሸካሚዎቹ ሲደክማቸው ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ተከታዮቹ ትከሻቸውን አስገብተው ይቀበሏቸዋል። በአቀበት የታማሚው ራስ፣ በቁልቁለት እግሩ ይቀድማል፤ ራሱ ምንጊዜም ከፍ እንዲል። የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን መንገድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው በዚህ መልክ ነበር፤ መኪና በማይገባባቸው ብዙ ቀበሌዎች ዛሬም እንዲሁ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሸክም ለሰው ርኅራኄ ብቻ የተተወ አለመሆኑ ነው። በአማራ ክልል ገጠሮችና በሌሎችም አካባቢዎች የቃሬዛ ማኅበር ወይም የቃሬዛ እድር አለ፤ ጥሪ ሲሰማ ማን እንደሚወጣ፣ ማን ስንቅ እንደሚይዝ፣ ያልወጣ ምን እንደሚቀጣ ይታወቃል። ዛሬ የሚሸከም ሰው ነገ እሱ ወይም ልጁ ሲታመም የሚያነሣው ትከሻ እንደማያጣ ያውቃል። በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ ኮረብታዎች ያሉ ማኅበረሰቦችም ‹እንጎዚ› በሚሉት ቃሬዛ ዙሪያ ተመሳሳይ ማኅበሮች አሏቸው። እዚያ ያለው የኪሲዚ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1996 የጤና መድን ሲጀምር መሠረት ያደረገው እነዚህኑ የቃሬዛ ማኅበሮች ነበር። ታማሚን ለመሸከም የተሰባሰበ ሰው ተራና መዋጮ መያዝን ስለለመደ፣ ለሕክምናው ለማዋጣት ሌላ ተቋም መፍጠር አላስፈለገውም።

ይህ ልማድ ወደ ከተማ ሲገባ በእድር መልክ ነው የጎለበተው። የእድርን ታሪክ ያጠኑ ምሁራን፣ ከእነሱም አንዱ አሉላ ፓንክረስት፣ እድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ ሃያኛው መቶ ዘመን ከገባ በኋላ ከገጠር በመጡ የከተማ ነዋሪዎች መካከል እንደተስፋፋ ይገልጻሉ። ዘመድ በሌለበት ከተማ የሚቀብር ወገን ማግኘት የመጀመሪያው ጭንቀት ነበር። ለዚህም እድር በሚገባ ተደራጀ። ጡሩምባ ነፊው ሌሊት ሰፈሩን እየዞረ ይጠራል፤ ዳኛውና ጸሐፊው መዝገብ ይዘው የመጣውንና የቀረውን ይለያሉ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ሰሐኑ ከመጋዘን ይወጣል፤ ለቀብር የሚሄድ አውቶቡስ ይዘጋጃል፤ ወጪው ከወርኃዊ መዋጮ ይከፈላል። ጥሪ፣ ተራና ወጪ ሸፋኝ ሦስቱም ተሟልተዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዝግጁነት የሚንቀሳቀሰው ሰውየው ካረፈ በኋላ ነው። በገጠር ቃሬዛው ታማሚንም አስከሬንም ይሸከም ነበር፤ በከተማ ሁለቱ ተለያዩና እድር የሟቹን ሸክም ይዞ የታማሚውን ለመንግሥትና ለዕድል ተወ። ይህን ስል እድርን ልወቅስ አይደለም፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው ትልቅ ሥልጣኔ ነው። ሌሊት አምስት ሰዓት መኪና አዘጋጅቶ ሰው የሚያሰማራ ተቋም በየሰፈሩ ካለን ግን፣ ያው ተቋም ከጥቂት ሰዓታት በፊት ሊጠራ የሚችልበትን መንገድ ማሰብ ይገባናል።

ሁለተኛው የታሪኩ ምንጭ ቀይ መስቀል ነው፤ እሱም ከየካ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። የአድዋ ድል በተገኘ በወራት ውስጥ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። የእሱ ሥራ ያስገኘው ፍሬ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለተቋቋመው፣ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ለሚገኘው ለምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠርጓል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ራሱ የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ወረራ በደጅ በቆመበት ወቅት፣ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መሪነት። ሀገሪቱ ለጦር ሜዳ የሚሆን የተደራጀ የሕክምና ክፍል ስላልነበራት ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞችን ከውስጥም ከውጭም መሰብሰብ ነበረበት። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድ፣ ከግብፅና ከብሪታንያ ሐኪሞችና ነርሶች የጭነት መኪናዎቻቸውንና ድንኳኖቻቸውን ይዘው መጡ። መኪናዎቹ መንገድ በሌለበት ሀገር የሚጓዙ ስለነበሩ ሥራቸው ከመንዳት ይልቅ መግፋት፣ ድንጋይ መደልደልና ከጭቃ ማውጣት የሚበዛበት ነበር። የስዊድኑ ቡድን ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ፣ የብሪታንያው ደግሞ የካቲት 25 ቀን ኮረም አካባቢ በጣልያን አውሮፕላኖች ተደበደቡ፤ ቀይ መስቀሉ በግልጽ እየታየ። የብሪታንያውን ቡድን ይመራ የነበረው ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚያ ተርፎ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማዋ ከወጡ በኋላ ዝርፊያና ተኩስ በነገሠባቸው ቀናት ቡድኑ ዛሬ ኤምባሲ በሆነው በየካው የብሪታንያ ለጋሲዮን ሆኖ በመኪና እየዞረ ቁስለኛ ያነሣ ነበር። ሜሊ የወደቀ ሰው ሲረዳ በጥይት ተመትቶ በዚያው ሰሞን ሞተ።

ከዚያ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት የጀግንነት ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች እያንዳንዳቸው በግላቸው መኪና ገዝተው ወደ ግንባር ቢነዱ ኖሮ ብዙዎቹ ነዳጅ የሚሞላላቸው፣ ቁስለኛው የት እንዳለ የሚነግራቸው፣ ሲሞቱም ስማቸውን የሚመዘግብ አያገኙም ነበር። ማኅበሩ የሰጣቸው ዓርማ ከቦምብ አላዳናቸውም፤ የማኅበሩ መዝገብ ግን ድብደባው የሕግ ጥሰት መሆኑ በዓለም ፊት እንዲመሰከር አስችሏል። በጎ ፈቃደኛ በማኅበር ሥር ሲሰለፍ የሚያገኘው ትልቁ ጥበቃ ሥራው የታወቀና የተመዘገበ መሆኑ ነው። ይህ ለጦር ሜዳ ያገለገለው መርሕ ለእንጦጦ ዳገትም ይሠራል፤ ማን፣ በማን ጥሪ፣ ማንን ሊያነሣ እንደወጣ የተጻፈበት መዝገብ ለታማሚውም ለባለ መኪናውም ዋስትና ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሠርት ዓመታት የበጎ ፈቃድ ትርጉም ራሱ ተፈተነ። በደርግ ዘመን ዘመቻው፣ መዋጮውና ሥራው በፈቃድ ስም ቢጠራም ብዙ ጊዜ ግዴታ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ላየ ትውልድ ንብረትን በመዝገብ ማስፈር ንብረትን ለመነጠቅ መዘጋጀት መስሎ ታየው። ይህ ፍርሃት ዛሬም በብዙ ባለ ንብረት ልብ ውስጥ አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በአንጻሩ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በዚያም ዘመን በየቅርንጫፉ መሥራቱን ቀጠለ፤ ማኅበሩ በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያም በኋላ ሊቆም የቻለው የራሱ አባላት፣ የራሱ መዋጮና የራሱ የጥሪ ሥርዓት ስለነበረው ነው። ዛሬ በ907 የሚጠራው አገልግሎት የዚያ ቀጣይ ነው።

የአምቡላንስ ታሪክ ትልቁን እጥፋት ያየው ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። መንግሥት እናቶች በቤት እንዳይወልዱ ለማድረግ ለየወረዳው አምቡላንስ መግዛት ጀመረ፤ በብዙ ቦታም ስምሪቱ ከቀይ መስቀል ጋር በመተባበር ይካሄድ ነበር። የተገዛው መኪና በአብዛኛው ላንድክሩዘር ነው፤ በየካ ግቢ ቆሞ ከሚያድረው ላንድክሩዘር የሚለየው በመብራቱ፣ በቃሬዛውና በቀለሙ ነው እንጂ ዳገት በመውጣቱ አይደለም። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም ከ871 ወደ 412 ወርዷል። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእናቶች ማቆያና ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ መኪናው ብቻውን አላመጣውም። ያም ሆኖ አንድ አምቡላንስ ለአንድ ወረዳ ምን ያህል እንደሚጠብ ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም። ሁለት እናቶች በአንድ ሌሊት ምጥ ሲይዛቸው፣ ጎማ ሲፈነዳ ወይም የናፍጣ በጀት በሰኔ ሲያልቅ አገልግሎቱ ይቆማል። ያኔ ሕዝቡ ወደ ቃሬዛው ይመለሳል። ቃሬዛ በማይገኝበት ከተማ ደግሞ ወደ ጎረቤት መኪና ይሮጣል።

አዲስ አበባ ከገጠሩ የተሻለ ምርጫ አላት፤ የቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን 939፣ በግል ደግሞ ጠብታ አምቡላንስ አለ። ጠብታን በ2000 ዓ.ም. የመሠረቱት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የማደንዘዣ ባለሙያ ክብረት አበበ ናቸው፤ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት አምቡላንስ ገዝተው ጀመሩ። የእሳቸው ታሪክ ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። አንድ ሰው የግል ሀብቱን ለሕዝብ አደጋ ማዋል እንደሚችል አሳይተዋል፤ በዚያው ልክ ያ ሀብት የስልክ ቁጥር፣ የሠለጠነ ባለሙያና ወጪ የሚመልስ አሠራር እስኪያገኝ ድረስ አገልግሎት እንደማይሆንም አሳይተዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር በከተማዋ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ እውነት አለ፤ አብዛኛው በአደጋ የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው በታክሲ ወይም በግል መኪና ነው። ፍሬቻ አብርቶ፣ ክላክስ እያደረገ፣ ነጭ ጨርቅ በመስኮት እያውለበለበ የሚያልፍ መኪና ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እንግዲህ የግል መኪና ወደ ድንገተኛ አገልግሎት ይግባ አይግባ የሚለው ጥያቄ ያለፈበት ነው፤ ገብቷል። የቀረው ጥያቄ በሥርዓት ይግባ ወይስ እንዳሁኑ በድንጋጤ ይቀጥል የሚለው ነው።

ሌሎች ሀገሮች ይህን ጥያቄ የመለሱት በተለያየ መንገድ ነው፤ መልሳቸው ግን እነዚያኑ ሦስት ነገሮች፣ ጥሪን፣ ተራንና ወጪ ሸፋኝን፣ ይዞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የብሪታንያ የአውቶሞቢል ክለብ አባላት የገዛ መኪናቸውን እየነዱ ከጦሩ ጋር ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ፤ በየግላቸው ሳይሆን በክለባቸው ስም ተመዝግበው። ዛሬ በዚያው ሀገር ፎር ዊል ያላቸው በጎ ፈቃደኞች በየአውራጃው ተደራጅተው በረዶና ጎርፍ መንገድ ሲዘጋ ሐኪምና ነርስ ወደ ሥራ ያደርሳሉ፤ ራሳቸው አይወጡም፣ ሆስፒታል ወይም የድንገተኛ አገልግሎት ሲጠራቸው ብቻ ይሰማራሉ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የአፍሪካ ልምድ ነው። በታንዛኒያ ‹ኤም ማማ› በተባለው ሥርዓት አምቡላንስ በማይኖርበት ጊዜ የጥሪ ማዕከሉ ቀድሞ የተመዘገበ የመንደር ሹፌር ይጠራል፤ ሹፌሩ እናቲቱን ጤና ተቋም ሲያደርስ ክፍያው በሞባይል ይገባለታል። በሰሜን ናይጄሪያ ደግሞ የሹፌሮች ማኅበር አባላት ምጥ የያዛትን ሴት በነዳጅ ወጪ ብቻ ያደርሳሉ፤ ለዚህ የሚያገኙት ብድራት መነኸሪያ ሲመለሱ ወረፋ ሳይጠብቁ መጫን ነው። ሽልማቱ ትንሽ ቢመስልም ለታክሲ ሹፌር ወረፋ ማለት የዕለት እንጀራ ማለት ነው። ማኅበሩ በእጁ ያለውን ነገር፣ ተራን፣ ለበጎ ሥራ ዋጋ አድርጎ ከፈለበት።

ያለ ሥርዓት የሚደረግ ርዳታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያየነው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ነው። በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ሲቀብር ጎረቤቶች በአካፋና በእጃቸው ለመቆፈር ሮጡ፤ ሐምሌ 15 ቀን ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ከአዳኞቹ ብዙዎቹን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከባድ ማሽን ወደ ቦታው መግባት ስላልቻለ ፍለጋው በሰው ጉልበት ቀጠለ። እነዚያን ሰዎች ያነሣሣቸው ፍቅር ከማንኛውም ተቋም ይበልጣል፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ያልነበራቸው ግን ተራራው ገና አልረጋምና ቆዩ የሚላቸው፣ ግማሹ ሲቆፍር ግማሹ ከዳር እንዲጠብቅ የሚያደርግ አሰማሪ ነው። ይህ ዓይነቱ አደጋ ለየካም ሩቅ አይደለም፤ ከእንጦጦ የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች በክረምት በድንገት ይሞላሉ፤ ቤቶችም እስከ ገደሉ አፋፍ ተሠርተዋል። ለደግ ሰው የሚሰጥ ትልቁ አክብሮት በጎነቱን ከአደጋ የሚጠብቅለት ሥርዓት መዘርጋት ነው።

የግል ፎር ዊሎችን እንዲህ በተራ ማሰማራት የሚለው ሐሳብ ተቃውሞ አያጣም። የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚለው ነው። ግብር የሚከፈለው ለዚህ አይደለም ወይ፣ ሕዝብ መኪናውን ካዋጣ መንግሥት አምቡላንስ ከመግዛት ይዘናጋል ይላሉ። ክርክሩ እውነት አለበት። የበጎ ፈቃደኛ መኪና የመደበኛውን አምቡላንስ ቦታ ከያዘ ጉዳቱ ይበልጣል። ታሪኩ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ምኒልክ ሆስፒታል የበጎ አድራጎት ቡድን የጀመረውን ሥራ ፈለግ ተከትሎ የመጣ የመንግሥት ተቋም ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስም የወረዳ አምቡላንስ እንዳይገዛ አላገደም፤ ይልቁን እንዴት እንደሚሰማራ አስተማረ። የተመዘገበ ጥሪ መንግሥትን የሚያስጠይቅ ማስረጃም ይሆናል። በአንድ ክረምት ከየትኛው ሰፈር ስንት ጊዜ እንደተጠራ የሚያሳይ መዝገብ ያለው ማኅበር፣ እዚህ ዳገት መንገድ ይሠራ ብሎ በቁጥር መጠየቅ ይችላል። ዛሬ ያ ቁጥር የለም፤ በድንጋጤ የተጓጓዘ ታማሚ የትም አይመዘገብምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሐኪሞች ይመጣል፤ ያልሠለጠነ ሰው አከርካሪው የተጎዳን ሰው አጥፎ መኪና ውስጥ ቢያስገባው ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። መልሱ የባለ መኪናውን ድርሻ ማጥበብ ነው። ፎር ዊሉ ታማሚን ሆስፒታል እንዲያደርስ አይጠየቅ፤ የአምቡላንሱን ባለሙያና ቃሬዛውን ከአስፋልት ወደ ላይ ያውጣ፣ ባለሙያው አክሞና አስሮ ያዘጋጀውን ታማሚ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልት ያውርድ። ከዚያ በኋላ አምቡላንሱ ይረከበዋል። ባለሙያ ሊደርስ በማይችልበት ጊዜ ደግሞ ደም ማቆም፣ አንገት አለማንቀሳቀስና ታማሚን በጎኑ ማስተኛት የመሰሉ ጥቂት ነገሮች በአጭር ሥልጠና ይያዛሉ። በጋና የጭነትና የታክሲ ሹፌሮች የመጀመሪያ ርዳታ ተምረው በመንገድ ላይ አደጋ ሲያጋጥማቸው የተሻለ እንደረዱ በጥናት ታይቷል። ቀይ መስቀል ይህን ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል። ያልሠለጠነ እጅ አደገኛ መሆኑ እጁን ለማሠልጠን ምክንያት ነው፤ ያ እጅ ዛሬም ታማሚውን እያነሣ ነውና።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሕግ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱ ላይ ሥጋት ሳይደርስበት መርዳት እየቻለ ያልረዳን ይቀጣል። ስለዚህ ሕጉ አትለፍ ይላል፤ ስትረዳ ለሚደርሰው ደግሞ አንተ ተጠያቂ ነህ ይላል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ማድረጉ የተወሰነ መጠጊያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለግል አገልግሎት ተብሎ የተገባ የመድን ውል መኪናው ለክፍያ ሰው ሲያጓጉዝ ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል። መፍትሔው ከዚሁ ይወጣል። ኮድ 2 ሰሌዳ ያለው መኪና ዋጋ አይቀበል፤ የናፍጣ ወጪው ብቻ በደረሰኝ ይመለስለት። ማኅበሩ ለአባላቱ በጋራ ተጨማሪ መድን ይግባ፤ ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚደረገው ውል የማዳን ስምሪትን በስም ይጥቀስ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከቀድሞው የተሻለ የመደራጀት ነፃነት ስለሰጠ ይህን የሚፈርም ሕጋዊ አካል ማቋቋም አይቸግርም፤ ወይም በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ሥር መሆን ይቻላል።

አራተኛው ተቃውሞ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ በብዙዎች ልብ ግን አለ። ሊብሬዬን አስመዝግቤ ነገ ለዘመቻ ወይም ለባለሥልጣን ጉዞ ውሰድ ብባልስ? ቀደም ብዬ እንዳልኩት ይህ ሥጋት ከታሪክ የመጣ ነውና በንግግር አይጠፋም፤ በመዋቅር ነው የሚጠፋው። መዝገቡ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ባለ መኪናው ራሱ በመረጣቸው የእድር ዳኞች እጅ ይሁን። ተራ የሚወጣው በወር ጥቂት ሌሊት ብቻ ይሁን፤ በተራው የማይመቸው አስቀድሞ ተናግሮ ይቀይር፤ በፈለገ ጊዜም ስሙን ያስወጣ። ጥሪው ከ907 ወይም ከ939 የመጣና ለታማሚ ወይም ለአደጋ የሆነ ብቻ መሆኑ በደንቡ ይጻፍ። ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ የጊዜ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፤ ያሉት ፎር ዊሎች እያረጁና እየተወደዱ ይሄዳሉ። ባለቤቱ ለመኪናው የበለጠ ይሳሳል ማለት ነው። ስለዚህ ለጎማና ለመለዋወጫ የሚሆን መጠባበቂያ የሌለው ማኅበር በሁለተኛው ክረምት ይበተናል። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ትከሻው ሲያብጥ በሳምንት ይሽርለታል፤ የተሰበረ የመኪና ሞላ ግን በደግነት አይጠገንም።

እንግዲህ በየካ ሊጀመር የሚችለው ነገር በጣም ትልቅ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ያሉ እድሮች በጋራ የፎር ዊል ባለቤቶችን ዝርዝር ይያዙ፤ ከእያንዳንዱ ዳገት አጠገብ ማን እንደሚኖር ይለዩ። ከእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽንና ከቀይ መስቀል ጋር አምቡላንሱ የሚቆምባቸውን የአስፋልት ጫፎች ይስማሙ፤ ለእያንዳንዳቸው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም ይሰጡ፤ የሌሊት ጥሪ የሚቀበል አንድ ተረኛ ይመድቡ። በየመኪናው መጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ብርድ ልብስና አንድ የሚታጠፍ ቃሬዛ ይኑር። ከክረምት በፊት አንድ ቅዳሜ መንገዱን ሄደው ይለማመዱ፤ የትኛው መታጠፊያ ለረዥም መኪና እንደማይሆን፣ የትኛው ድልድይ ጎርፍ እንደሚያልፍበት ይመዝግቡ። ወጪው ከእድር መዋጮ ላይ በወር ጥቂት ብር ታክሎ ይሸፈን፤ መኪና የሌለው አባል በዚህ ድርሻውን ይወጣል፤ ባለ መኪናውም በጎ አድራጊ ጌታ ሳይሆን ተራውን የሚወጣ አባል ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሀብታም ለድኻ የሚያደርገው ውለታ ሆኖ የተጀመረ ነገር ሀብታሙ ሲሰለች ያበቃል። የቃሬዛ ማኅበር ለዘመናት የቆየው ግን የሚሸከመውና በቃሬዛው የሚነሣው ሰው አንድ ስለነበሩ ነው፤ ሁሉም አንድ ቀን እንደሚታመም ያውቅ ነበር። የየካ እድሮች የጥሪው፣ የተራውና የመዋጮው ባለቤት ናቸው፤ መኪናዎቹም በሰፈራቸው አሉ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው ይህን በአጀንዳ ቢይዙት ከሚመጣው ሰኔ በፊት ሊጨርሱት ይችላሉ።